ከኮርኒሱ በላይ ያለው መንገድ

ፀሐይ ሲያግለው የከረመ ቆርቆሮ ስር ያለ አቧራ፣ የመጀመሪያው ጠብታ ሲያርፍበት የሚሰጠው ሽታ አለ። ብረት ብረት ይላል፣ ትንሽ የአይጥ፣ ትንሽ የአሮጌ እንጨት። አሁንም የማላውቀው ሰው ቤት ገብቼ ኮርኒሱ ላይ የውሃ እድፍ ባየሁ ቁጥር ይህ ሽታ ይመጣብኛል፤ ወዲያውም እታለም ከላይ ሆና «ቢኒ፣ ቆጣሪውን አጥፍተሃል?» ስትለኝ እሰማለሁ።

እታለም ታላቅ እህቴ ናት። ስሟ ሰላማዊት ነው፤ እኔ ግን አፌን ከፈታሁ ጀምሮ እታለም ነው ያልኳት። በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች። ትበልጠኝ ነበር ማለት አለብኝ መሰለኝ።

የመጨረሻው ደህና ቀን ሰኞ ነበር፣ በነሐሴ። እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ጠዋት እታለም እንደ ወትሮው ጣሪያ ውስጥ ገብታ፣ በሚያፈሰው ቆርቆሮ ስር ያስቀመጠችውን ሳፋ ልትደፋ ውሃውን በጀሪካን እያደረገች አቀበለችኝ፤ እኔም መሰላሉ ላይ ቆሜ እየተቀበልኩ ለእማዬ አወረድኩላት። በእኛ ሰፈር የቧንቧ ውሃ በስንት ቀን አንዴ ስለሚመጣ የጣሪያውን ውሃ ለልብስ ማጠቢያ እናስቀምጠው ነበር። እታለም ሻሿን ፈትታ፣ ከፀጉሯ የሸረሪት ድር እያራገፈች ወረደች።

«ነገ ድሬዳዋ ነኝ» አለችኝ። ስፌት ቤት ነበር የምትሠራው፤ ክርና ገበር ልታመጣ ነው። «ሳፋውን አንተ ትደፋዋለህ።»

«ከነገ ወዲያ አንቺ ብትደፊውስ?»

«ዝናቡን እስክመለስ ጠብቀኝ ልበለው?»

«እማዬ…»

«እማዬ በዚህ ዕድሜዋ በጣሪያው አግዳሚ እንጨት ላይ ትሂድልህ? ቁመትህን እየው እስቲ፣ ያለ መሰላል ኮርኒሱን ልትነካ ምንም አልቀረህ። ልብህ ብቻ ነው የቀረው።»

እማዬ ከጓሮ ሆና ሳቀች። እኔ «እሺ» አልኩ። በአፌ ነው እሺ ያልኩት።

ለምን እንደፈራሁ ለመናገር ቤቱን ማሳየት አለብኝ። ቤታችን በአሮጌው ከተማ ግንብ ውስጥ፣ ወደ ኤረር በር በሚወርድ ጠባብ መንገድ ላይ ነው። ድሮ አንድ ትልቅ ቤት ነበር ይባላል፤ እኛ ሳንወለድ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ የእኛ፣ ግማሹ የሐጂ ሙሜ ሆነ። ሐጂ ሙሜ ጊደር መጋላ ገበያ ውስጥ በርበሬና እርድ የሚሸጡ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሚስታቸውን አዴ ፋጡማ እንላቸዋለን፣ አዴ እናት እንደማለት ነው። ሁለቱን ቤት የሚለየው ግድግዳ የሚደርሰው እስከ ኮርኒሱ ብቻ ነበር። ከኮርኒሱ በላይ፣ ከቆርቆሮው በታች ያለው ባዶ ቦታ ሳይከፈል የሁለታችንም ሆኖ ቀረ። ኮርኒሱም ቢሆን ስሙ ነው እንጂ፣ የማዳበሪያ ከረጢት ተሰፍቶ፣ ተወጥሮ፣ ኖራ የተቀባ ነበር። ከታች ለሚያየው ግድግዳ ይመስላል፤ ከላይ የረገጠው ሰው ግን ራሱን ታች ወለሉ ላይ ያገኘዋል።

አባታችን ሲያርፍ እኔ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ መዶሻውና የጣሪያው ሥራ ለእታለም ደረሳት። ሴት ልጅ ጣሪያ ላይ ምን ትሠራለች የሚል ጎረቤት ነበር፤ እማዬ «ታዲያ ሰው ላኩልኝ» ስትላቸው ግን የሚልክ አልተገኘም፣ እታለምም መውጣቷን ቀጠለች።

በጥቅምት፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ጣሪያውን ከዳር እስከ ዳር ትመረምር ነበር። ሁልጊዜ ቆርቆሮው ሳይግል፣ በጠዋት ትገባለች፤ አይጥ የበላው ሽቦ አይታወቅምና መጀመሪያ ቆጣሪው ይጠፋል፤ ከላይ የሚስማሩ ጫፍ ስለሚወርድ ራሷን በሻሽ ወፍራም አድርጋ ትጠመጥማለች። እየወጣሁ ስከተላት ታስተምረኝ ነበር። እግር የሚያርፈው አግዳሚው እንጨት ላይ ብቻ ነው፣ ያውም ጎን ለጎን ዞሮ። አንደኛው እግር ክብደትህን በደንብ ሳይሸከም ሌላኛው አይነሳም። በእጅ የሚያዘው ቋሚው እንጨት ነው፣ ቆርቆሮውን የጨበጠ እጁ ይቆረጣል። አንድ ቀን በአንድ እጄ መዶሻ፣ በሌላው የሚስማር ጣሳ ይዤ ስከተላት ዞር ብላ አየችኝና «ሁለት እጅህ ሥራ ከያዘ አንተን ማን ይይዝሃል?» አለችኝ።

ሌላም ሕግ ነበር፣ ይሄኛው የጎረቤት ነው። በእኛ በኩል ሳሎኑ አፍ ላይ ያሉትን አግዳሚዎች ምስጥ ስለበላቸው፣ ሳፋው ወዳለበት ወደ ሳሎኑ ጫፍ የሚወስደው ደህና መንገድ በእነ ሐጂ ሙሜ ቤት ላይ ዞሮ ነበር የሚያልፈው። ከረጢቱ ደግሞ ቀዳዳ አያጣም፤ ከስሩ ሴቶች ራሳቸውን ሳይሸፍኑ ይቀመጣሉ። ስለዚህ እታለም ግድግዳው ጋ ስትደርስ አግዳሚውን ሦስት ጊዜ በእጇ መታ መታ አድርጋ «አዴ፣ እኔ ነኝ፣ ልለፍ?» ትል ነበር። አዴ ፋጡማ ከታች «እለፊ፣ ቢስሚላህ በይ» ሳይሏት አንድ እርምጃ አትሄድም። መልስ ከጠፋ ተመልሳ ትወርዳለች፣ ሥራው ለሌላ ቀን ይቆያል።

በጥር ከጥምቀት በፊት ኖራ እንቀባለን፤ ከረጢቱ የላላበትን እሷ ከላይ ስትወጥር እኔ ከታች በመጥረጊያ እንጨት እየነካሁ «እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ» እላታለሁ። ያኔ አልፈራም ነበር።

ፍርሃቱ የመጣው በአንድ ሚያዝያ ነው፣ ረመዳን ነበር፣ አሥራ አንድ ዓመቴ። ድመታችን በእነ ሐጂ ሙሜ በኩል ጣሪያ ውስጥ ወልዳ፣ የልጆቿ ድምፅ ቀኑን ሙሉ ሲሰማኝ ዋለ። እታለም ከሥራ ሳትመለስ፣ ለማንም ሳልናገር፣ ጫማዬን አውልቄ ወጣሁ። ግድግዳው ጋ ስደርስ አልመታሁም፣ ልለፍ ብዬም አልጠየቅሁም፤ ብጠይቅ ውረድ እንደምባል አውቃለሁ። ድመቶቹ ዓይኔ ስር ነበሩ። እጄን ዘረጋሁ፣ እግሬንም አብሬ ዘረጋሁት መሰለኝ፣ ቀኝ እግሬ እስከ ጭኔ በከረጢቱ አልፎ ገባ።

ከስሬ ሐጂ ሙሜና ቤተሰባቸው ለማፍጠር ማዕድ ቀርበው ነበር። ማንኪያ ሲወድቅ ሰማሁ። ከዚያ የሐጂ ሙሜ ድምፅ መጣ፦

«ቢኒ፣ በበር እንዳትመጣ ማን ከለከለህ?»

«ተዉት» አሉ አዴ ፋጡማ፣ «ጫማውን አውልቆ ነው የመጣው። አደብ አለው።»

«ሾርባው አቧራ ለበሰ እኮ።»

«ቅመም የሚሸጥ ሰው ቅመም በዛብኝ ይላል?»

ልጆቹ ከስር የእግሬን መዳፍ እየኮረኮሩ ይስቃሉ፣ እኔ ከላይ አግዳሚውን አቅፌ አለቅሳለሁ፣ መውረድም መውጣትም አልቻልኩም። እታለም መጥታ፣ መታ መታ አድርጋ፣ ጠይቃ፣ ተፈቅዶላት፣ ብብቴን ይዛ አወጣችኝ። አልመታችኝም። በማግስቱ የጆንያ መርፌ ሰጥታኝ፣ የቀደድኩትን አግዳሚው ላይ በሆዴ ተኝቼ እንድሰፋው አደረገች። ሰፋሁት። ከዚያ በኋላ ግን ከመሰላሉ ጫፍ አላለፍኩም። አምስት ዓመት ሙሉ ድርሻዬ ጀሪካን መቀበል ሆነ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ሳፋውን የምትደፋው እሷ ብቻ ነበረች።

ማክሰኞ ገና ሳይነጋጋ ስትወጣ አልጋዬ ጋ መጥታ «ትወጣለህ?» አለችኝ።

«እወጣለሁ።»

ስትሄድ መሰላሉን አቆምኩ። ራሴን በቀዳዳው አስገብቼ አየሁ። ጨለማ ነው፣ ከማዶ ጠብታው ሳፋው ውስጥ ሲወድቅ ይሰማል፣ ጥልቅ ውሃ ውስጥ እንደሚወድቅ ነገር። ትንሽ ቆሜ ወረድኩ። እማዬ «ደፋኸው?» ስትለኝ «ደፋሁት» አልኳት፣ የጀሪካኑን ውሃ የት አደረግከው ብላ እንኳ አልጠየቀችኝም፤ አመነችኝ።

ከቀኑ ወደ አሥር ሰዓት ላይ ወሬው መጣ። እታለም ስትመለስ የተሳፈረችበት መኪና ዝናብ ባራሰው መንገድ ላይ ተገልብጦ ነበር። ስለዚያ ከሰዓት ብዙ መጻፍ አልቻልኩም፣ ሞክሬ ትቼዋለሁ። ማታ አመጧት። የሬሳ ሳጥኑን ሳሎኑ ጫፍ፣ ጠረጴዛ ላይ አሳረፉት። ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ።

በማግስቱ ጠዋት የደጁ ድንኳን ውሃ ስላስገባ ለቀስተኛው ሁሉ ቤት ውስጥ ተጨናንቆ፣ ቄሶቹ በሳጥኑ ራስጌ ቆመው ጸሎት ላይ ነበሩ። ቀና አልኩ። ከሳጥኑ በላይ ያለው ኖራ ተሰነጣጥቆ፣ ከረጢቱ እንደ ሆድ ወርዷል። ሳፋው ሞልቶ እየፈሰሰ ነው። ያ ሁሉ ውሃ ሲወርድ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። ይህን ቤቱ ውስጥ ካለው ሰው ሁሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

እማዬ አጠገብ ተንበረከክሁ። «እማዬ፣ ትናንት አልደፋሁትም።»

መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ወደ ላይ አየች። አንድ ሰውዬ ቀና ብሎ አይቶ «ሳጥኑን ወደዚያ እናድርገው» አለ፤ እማዬ «ልጄን አታንገላቱብኝ» አለችው። ሳጥኑ ቢነሳም ዝናቡ አላባራም፤ ከረጢቱ ከተቀደደ ሳሎኑ በሙሉ ነው።

«እኔ እወጣለሁ» አልኩ።

«ልጁን ተዉት እንጂ፣ አንድ ሐዘን ይበቃል» አሉ ከሴቶቹ አንዷ። ሐጂ ሙሜ ከመቀመጫቸው ተነሱ። «ቁጭ በል፣ እኔ ልውጣ።»

«ሐጂ፣ እርስዎን የሚሸከም አግዳሚ የለም።»

እንዲህ ማለቴን የሰማሁት ካልኩት በኋላ ነው። ሐጂ ሙሜ ሆዳቸውን አይተው «እውነቱን ነው» አሉና ተቀመጡ። እማዬ ተነሳች። ሴቶቹ ሊይዟት ሲሉ እጃቸውን አስለቅቃ ቀድማኝ ወደ ጓዳ ሄደች፣ የመሰላሉን ሁለት እግር ያዘች፣ ፊቴን ሳታይ «ቆጣሪውን አጥፋ» አለችኝ። አጠፋሁ። የእታለም ሻሽ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ጠመጠምኩት።

ባለ አምስት ሊትር ጀሪካንና አንድ ጣሳ በገመድ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ገባሁ፣ ሁለት እጄ ባዶ። ቋሚውን ያዝኩ፣ አንድ እግር፣ ቆይቼ ሌላው። ግድግዳው ጋ ደርሼ ሦስት ጊዜ መታሁ። «አዴ፣ እኔ ነኝ፣ ልለፍ?»

መልስ የለም። እንዴት ይኖራል፣ ቤተሰቡ በሙሉ እኛ ቤት ለቅሶ ላይ ነው። ባዶ ቤት መሆኑን እያወቅሁ እግሬ አልሄድ አለ። መልስ ከጠፋ ይወረዳል፣ ሌላ ነገር አልተማርኩም። ደግሜ መታሁ። ያኔ በሳሎናችን በኩል የሰው መነሳት፣ የጫማ ድምፅ፣ የእኛ በር፣ ቀጥሎ የእነሱ በር ተሰማኝ። ከስሬ የአዴ ፋጡማ ድምፅ መጣ፣ በለቅሶ የሻከረ።

«እለፍ ልጄ፣ ቢስሚላህ በል።»

አለፍኩ። ሳፋው እስከ ከንፈሩ ሞልቶ፣ በአንድ ጎን ያዘመመ ነበር። በሆዴ ተኝቼ፣ አንድ ክንዴን በአግዳሚው ላይ ጠምጥሜ፣ በጣሳ ወደ ጀሪካኑ ቀዳሁ። ጀሪካኑን ግማሽ ብቻ ሞልቼ መለስኩት፣ ለእማዬ አቀበልኩ፣ ተመለስኩ። ስድስት ጊዜ ነው የተመላለስኩት። ስድስቱንም ጊዜ መታሁ፣ ስድስቱንም ጊዜ አዴ ፋጡማ «እለፍ» አሉኝ፤ ለቅሶውን ትተው ባዶ ቤታቸው ውስጥ ተቀምጠውልኝ ነበር። በመጨረሻ ከረጢቱ ላይ የተኛውን ውሃ በጨርቅ እያስመጠጥኩ ጀሪካኑ ውስጥ ጨመቅሁ። በስፌቱ መሃል የሻማ ብርሃን ይታያል፣ የቄሶቹ ድምፅ ይወጣል። ወደ ታች አላየሁም። እጄን ነው ያየሁት።

አሁን የኤሌክትሪክ መስመር ዘርጊ ነኝ፣ ቀኔን የማሳልፈው በሰው ጣሪያ ውስጥ ነው። ቀበቶ አለኝ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር መብራት አለኝ። የእኛም ቤት ቆርቆሮው ተቀይሮ፣ ኮርኒሱ ቺፑድ ሆኗል፤ ከላይ ግን እነ ሐጂ ሙሜና እኛ ዛሬም አልተከፋፈልንም። አሁን የምገባባቸው ቤቶች ደህና ናቸው፣ አግዳሚያቸው ጠንካራ ነው፤ ከታች ግን ሰዎቹ ስልካቸውን ያያሉ፣ እኔ ከላይ መኖሬንም ይረሱታል። ያኔ እንጨቱ የበሰበሰ ነበር፤ እያንዳንዱን እርምጃዬን ግን ከስሬ የሚሰማ ሰው ነበረኝ።

ያን ጠዋት ዝናቡ አላቆመም ነበርና ባዶውን ሳፋ ቀና አድርጌ ከጠብታው ስር መለስኩት፣ ቦታውን መሳቱን አለመሳቱን ጥቂት ጠብታ ጠብቄ አየሁ፣ ወረድኩ። እማዬ መሰላሉን ለቀቀች። ጉልበቴ ጥቁር ነበር፣ ልብሴ ረጥቦ ነበር፤ ልቀይር አላልኩም። ረፋዱ ላይ ሳጥኑን የሚያነሱ ሰዎች ሲቆሙ ገብቼ የፊቱን እጀታ ያዝኩ። ተው ያለኝ ሰው አልነበረም።