የቫምፓየሩ ሣጥን ተሸካሚዎች

ባለፈው ወር አትላንታ፣ ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ገብቼ፣ ባለሱቁ አንድ የቪዲዮ ማጫወቻ መሥራቱን ሊያሳየኝ ካሴት ሲከትበት፣ ማሽኑ «ቀጭ» ብሎ ካሴቱን ሲውጥና ሆዱ ውስጥ ሲያጉረመርም ሰማሁና እዚያው የስምንት ዓመት ልጅ ሆንኩ። በልጅነቴ ከዚያ ድምፅ ቀጥሎ የሚመጣው የተኩላ ጩኸት ነበር፤ የሚያላዝነው ግን ሰው መሆኑ በደንብ ያስታውቅ ነበር።

አባዬ አሜሪካ ከመግባቱ በፊት ሮም በስደት አራት ዓመት ቆይቶ፣ ጣልያንኛውንና አንድ ካሴት ይዞ ነው የመጣው። ካሴቱ ላይ ለቴሌቪዥን የተሠሩ ሁለት የቫምፓየር ፊልሞች ነበሩ፤ የጣልያን ካሴት እዚህ አገር ማጫወቻ ላይ ስለማይሠራ ከፍሎ አስገልብጦታል። በሙቀቱ ወራት ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ሎረንስቪል ባለው ቤታችን ምንጣፍ ላይ ተጋድሜ፣ አባዬ እየተረጎመልኝ አይ ነበር። ቫምፓየሩ ከእናቱ ጋር የሚኖር፣ ሲናገር ጥርሱ የሚወልቅበት ምስኪን ነበር፤ እናቱም «ገረጣህ፣ አትበላም እንዴ?» እያለች ትጨቀጭቀው ነበር። ካልጋበዙት የሰው ቤት መግባት ስለማይችል፣ በየደጁ ቆሞ «መግባት ይቻላል?» እያለ ይለማመጣል፣ ሴቶቹም ወሬያቸውን እስኪጨርሱ ያቆሙታል። አባዬ «ይሄ ቫምፓየር አበሻ ነው፣ ሦስት ጊዜ ካልለመኑት አይገባም» እያለ ይስቅ ነበር። እኔም እስቅና ወዲያው እግሬን ብርድ ልብሱ ሥር እሰበስባለሁ። የሌሊት ወፏ የተንጠለጠለችበት ክር እየታየኝ ለምን እፈራ እንደነበር እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ምናልባት የምር አስፈሪ ፊልም ቢሆን ዓይኔን እጨፍን ነበር፤ ይሄኛው ግን እያሳቀ ዓይኔን አስከፍቶ ነው የሚገባው።

በሁለተኛው ፊልም ላይ አባዬ ራሱ አለበት። የቫምፓየሩን ሬሳ ሣጥን ከሚሸከሙት ሁለት ሰዎች የፊተኛው እሱ ሲሆን፣ የኋለኛው፣ ረጅሙና ጎበጥ ያሉት ባለ ጥቁር ካፖርት፣ ጓደኛው ጋሽ ወርቁ ናቸው። «እኛን ለማንጣት አንድ ከረጢት ዱቄት ጨረሱ» ይል ነበር አባዬ። የሚታዩት ለአራት ሰኮንድ ብቻ ስለሆነ፣ አባዬ እዚያ ሲደርስ ሁልጊዜ ፊልሙን ያቆመውና፣ ሥዕሉ እየተንቀጠቀጠ፣ ዝም ብሎ ያያል።

ሁለቱ ተኳርፈው ነበር። ሁለቱ ሮም እያሉ፣ አገር ቤት የጋሽ ወርቁ እናት አርፈው፣ አባዬ መርዶውን ቀድሞ ቢሰማም «ጉዞው ይበላሽበታል፣ አሜሪካ ከገባ በኋላ በወጉ ይረዳል» ብሎ አምስት ወር ደበቃቸው። ጋሽ ወርቁ አትላንታ ገብተው መርዶውን ሲረዱ፣ ከሐዘኑም በላይ አባዬ ያንን ሁሉ ጊዜ አብሯቸው እየበላና እየሳቀ መክረሙ አንገበገባቸው፤ ከዚያ ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም። እኔም የማውቃቸው በዱቄት ተለውሰው ብቻ ነበር።

በብርዱ ወራት መጨረሻ፣ በቅበላ እሑድ፣ እናቴ ዕድር ሄዳ፣ አባዬ ጓሮ መኪናው ሥር ገብቶ ዘይት ሲቀይር፣ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፣ ጥቁር ካፖርት የለበሰ ሰው ቆሟል፤ ብርዱ ፊቱን አመድ አስመስሎታል። ሣጥን ተሸካሚው!

«ደህና ነሽ የኔ ልጅ?» አለኝ። ገፍቶ አልገባም፤ ደጁ ላይ እንደቆመ በትሕትና «መግባት ይቻላል?» አለ።

«አይቻልም!» ብዬ በሩን ዘግቼ ቆለፍኩት።

በመስኮት ሳይ፣ መኪናው ውስጥ ብዙ ተቀምጦ ቆየና ሄደ። ቫምፓየር መኪና መንዳቱ ትንሽ ገረመኝ፤ ግን ሎረንስቪል ውስጥ ያለ መኪና የት ይደረሳል?

በማግስቱ ጾም ገባ። እናቴ «በጾም ደም የሚጠጣ በቤቴ አይታይም» ብላ ካሴቱን ስለቆለፈችበት፣ እኔም ካነሳሁት የሚመለስ ስለመሰለኝ፣ ሃምሳ አምስቱንም ቀን አፌን ዘግቼ ከረምኩ። ዛፉ ሁሉ ባበበበት በፋሲካ ማግስት አባዬ ካሴቱን ከፍቶ፣ የተለመደው ቦታ ላይ አቆመውና «ወርቁ አንድ ቀን እንኳ ደጄን ቢረግጥ፣ እግሩ ላይ በወደቅኩ» አለ።

«ዳዲ፣ መጥቶ ነበር እኮ» አልኩት። «ኖክ አድርጎ ልግባ አለኝ፣ እኔ ደግሞ ኖ አልኩት።»

አባዬ አልተቆጣኝም፤ ፊቱ ግን ዱቄት መሰለ። «እኔ ያስባረርኩት መስሎታል» አለና «ጫማሽን አድርጊ» አለኝ።

ጋሽ ወርቁ እስከሚኖሩበት ፒችትሪ ኮርነርስ ድረስ ነዳ። በሩን ጋሽ ወርቁ ከፈቱ። አባዬ ደጁ ላይ እንደቆመ፣ «ወርቁ፣ ልጄ ናት የዘጋችብህ፣ እኔ አልሰማሁም። መግባት ይቻላል?» አለ።

ጋሽ ወርቁ ቁልቁል አዩኝና «እስቲ በረኛዋን ጠይቃት» አሉት።

«ይቻላል» አልኩ፣ እየፈራሁ። ሁለቱ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ እኔ የጋሽ ወርቁን ጥርስ ነበር የማየው። ተራ ጥርስ ነበር።

ያንን የቡፎርድ ሃይዌዩን ማጫወቻ ገዛሁትና፣ ባለፈው እሑድ ሁለቱን ሽማግሌዎች ሳሎኔ አስቀምጬ ካሴቱን ከተትኩ። ተኩላው አላዘነ፣ ክሩም ታየ። ሣጥኑ የሚወጣበት ቦታ ሲደርስ ግን ቴሌቪዥኑ ላይ ነጭ ብናኝ ብቻ ሆነ።

«ምን ነካው? ሌላው ሁሉ ደህና አይደለም እንዴ?» አሉ ጋሽ ወርቁ።

አባዬ ወደ መስኮቱ ዞረ። «ሲያቆመው ሲያቆመው ተበልቶ ነው» አለች እናቴ፣ «በኩርፊያችሁ ጊዜ።»

ጋሽ ወርቁ እጃቸውን አባዬ ጉልበት ላይ አሳርፈው ነጩን ብናኝ እስኪያልቅ አዩት። ልጄ ዛሬ በስልኳ የምታያቸው ቫምፓየሮች ክር የላቸውም፣ ጥርሳቸውም አይወልቅም፤ የወደደችው ቦታ ላይ የቱንም ያህል ጊዜ ብታቆማቸው ፊልሙ አይበላም። ማንን ስትናፍቅ እንደኖረች ኋላ በምን ይታወቅላታል?