ከአሥር ስንት ታገኛለሽ?

ፖሊሶች የያዙን ሒሳብ እየሠራን ነው። ካራ ሰፈር በተከራየሁት ክፍል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አስጠና ነበር። የዚያን ቀን የመጣችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት። ሁለት ሰው ነበርን። «ስብሰባ ነው» አሉ።

በፖሊስ ጣቢያው የሴቶች ክፍል አንድ ብቻ ስለነበር አብረን ገባን። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ በበሩ ሥር ይገባል፤ የሲሚንቶው ቅዝቃዜ በካልሲ ያልፋል። ቀድመውን የታሰሩ አንዲት የጉሊት ነጋዴ ፍራሻቸውን አካፈሉን።

ብሔራዊ ፈተናው ቀርቧል፤ ወረቀት ግን የለንም። ጣቴን ውኃ እየነከርኩ ጥያቄውን ወለሉ ላይ እጽፍላታለሁ፤ ሳይደርቅ ትሠራለች። ከመጀመሯ በፊት ግን እጠይቃታለሁ።

«ከአሥር ስንት ታገኛለሽ?»

«ሦስት፣ ቲቸር።»

ስምንት አገኘች። በማግሥቱ «አራት» አለች፤ አሁንም ስምንት።

«አንቺ ልጅ፣ ራስሽን እንዲህ በርካሽ የምትሸጪው ለማን ነው?» አሉ ነጋዴዋ። «ጉሊት ብትወጪ በሳምንቱ ትከስሪያለሽ።»

ሳቀች። ቀስ በቀስ ግምቷና ውጤቷ ተቀራረቡ። አንድ ቀን «ይቺን እሳሳታለሁ» አለችና ተሳሳተች፤ ደስ አለኝ።

በፈተናው ዋዜማ መርማሪው ሁለታችንንም አስጠራን። ወረቀትና እስክሪብቶ ወደ እሷ ገፋ።

«መምህሬ ሰልፍ እንድንወጣ ትቀሰቅሰን ነበር ብለሽ ፈርሚ። ነገ ከጓደኞችሽ ጋር ትፈተኛለሽ።»

«ሒሳብ ነው ያስጠናችኝ።»

«ውጤትሽን አይተነዋል፣ ደካማ ነሽ። ዘንድሮ ካመለጠሽ ለከርሞማ ሁሉንም ትረሺዋለሽ።»

«ፈርሚ» ልላት ወደ እሷ ዞርኩ። እሷ ጥያቄ ስሰጣት እንደምታደርገው ዓይኗን ጨፍና አሰበች።

«አልረሳም» አለች። «ለከርሞም አልፋለሁ።»

የእስክሪብቶውን ክዳን ገጥማ መለሰችለት።

ፈተናው ካለፈ በኋላ ያለ ክስ ለቀቁን። ተሳስተናል ያለን የለም። በዓመቱ ተፈተነች፤ አለፈች። ይህን የሰማ ሁሉ «ተመስገን፣ ምንም አልቀረባት» ይለኛል። ዝምተኛ ነኝ፤ ሰው ፊት መከራከር አልችልበትም። ይህን ስሰማ ግን ፊቴ እስከ ጆሮዬ ይግላል። አንድ ዓመት ቀርቶባታል። ጓደኞቿ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ እሷ ሲ.ኤም.ሲ አንድ ሱቅ ቆማ የሞባይል ካርድ ትሸጥ ነበር። ያለፈችው በራሷ ነው። ዓመቱን የወሰደባት ሰው ዛሬም ጠዋት ጠዋት እዚያው ቢሮ ይገባል።