የጉድጓድ ማሽላ

ትናንት ቆቦ ገበያ አንዲት ሴት የማሽላ ጆንያዋን ስትፈታ የሻገተ ጠረን ፊቴን መታኝ። በደርግ ጊዜ ወደነበረው የቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት በር ይዞኝ ሄደ።

የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ ዋጃ ባለው ቤታችን ሌላ ሚስት አስገብቶ፣ እኔና እናቴ ቆቦ አክስቴ ዘንድ ተጠግተናል። የፍርድ ሸንጎው ለእኔ ቀለብ በየዓመቱ አንድ ኩንታል ማሽላ እንዲሰጥ ወስኖበት ነበርና፣ ያን ቀን በግመል ጭኖ አመጣ።

እናቴ እፍኝ ዘግና አሸተተች።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ይሄ እህል ከምናኖርበት ጉድጓድ ሥር የተጠረገ ነው። ጉድጓዱን በእበት የለቀለቅኩት እኔው ነኝ፤ ሥሩ ውኃ እንደሚያስገባ አውቃለሁ።"

አባቴ የጭነቱን ገመድ መጠቅለል ጀመረ። ሊቀመንበሩ መዝገቡን ገለጠ።

"ውሳኔው ማሽላ ነው የሚለው፤ ደህና ማሽላ አይልም። ካልፈረምሽ መብትሽን እንደተውሽ ይቆጠራል።"

መብት ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። እናቴ አውራ ጣቷን ቀለም አስነክታ መዝገቡ ላይ አሳረፈች። አባቴ ባዶ ግመሉን እየሳበ ሲሄድ ወደ እኔ አልዞረም።

ማሽላውን ደጋግማ አጠበችው፤ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አሰጣችው። ጠረኑ አልለቀቀም። ቂጣውን አፍንጫዬን ይዤ በላሁት። በሚቀጥለው ዓመት ያም አልመጣም።

"ስንት ልስፈርልሽ?" አለችኝ ባለጆንያዋ።

እፍኝ ዘገንኩ። ቆሜ አሸተትኩ፤ ከአባቴ የቀረኝ ጠረን ይሄው ብቻ ነው።