ከዜሮ በታች፣ በጅቡቲ ሙቀት

ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው፤ ባልዲ ውስጥ ያደረ ውሃ ጠዋት ላይ የበረዶ ቅርፊት ለብሶ የሚገኝበት አገር። ስለዚህ ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር ውስጥ የሐበሻ ልጆች በሚማሩባት አንዲት የማጠናከሪያ ትምህርት ቤት "ኔጌቲቭ ቁጥር አስተምሪ" ስባል ሳቄ መጣ። ይሄም ሥራ ሆኖ! ሰሌዳው ላይ ቴርሞሜትር እስላለሁ፣ ዜሮን መሃል አስቀምጣለሁ፣ በቃ፣ አለቀ።

ሳልኩላቸው። ኔጌቲቭ ሦስት፣ ኔጌቲቭ አምስት፣ ኔጌቲቭ አስራ ስምንት ብዬ ጻፍኩና "ከነዚህ የሚበልጠው የቱ ነው?" አልኩ። ክፍሉ በአንድ አፍ "ኔጌቲቭ አስራ ስምንት!" አለ።

"ለምን?"

እዚያው ክፍል ደግማ የተቀመጠች አንዲት አፈኛ ልጅ ተነሳች። "እንዴ ቲቸር፣ በደንብ የሚያቀዘቅዘው እሱ ነዋ! አምስቱማ ምን ይሠራል? ዓሣ እንኳ በረዶ አያደርግም።"

ዶራሌ ላይ አዲሱ ወደብ የሚሠራበት ጊዜ ነበር፤ ከተማው በሙቀትና በከባድ መኪና ጭስ ታፍኗል። እነዚህ ልጆች በረዶ የሚያውቁት ከፍሪዘር ነው፤ ፍሪዘር ደግሞ ቁጥሩ ሲወርድ ነው የሚሞገሰው። ይሄ ዛሬ ይገባኛል። ያኔ ግን ደሜ ፈላ፤ "ስለ ብርዱ ማን ጠየቃችሁ? ቁጥሩን ነው ያልኩት!" ብዬ ጮህኩ። ከኋላ አንዱ ቀስ ብሎ "ቲቸር ግላለች፣ ፍሪዘር ውስጥ እናስገባት" አለ። ላለመሳቅ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።

ለልጅቷ ግን ነገሩ ቀልድ አልነበረም። እናቷ ማዕከላዊ ገበያ አጠገብ ቀዝቃዛ ውሃና ዓሣ የምትሸጥ፣ የኔ እኩያ የምትሆን፣ ከአፏ የወጣውን የማትመልስ ሴት ናት። "ሒሳብ አሁንም ካልገባሽ ትምህርቱ ይቅርና ድሬዳዋ አክስትሽ ሱቅ ትገቢያለሽ" ብላታለች። ልጅቷ ይህንን ለጓደኞቿ እየሳቀች ነበር የምታወራው። ሽንት ቤት ገብታ ስታለቅስ የሰማኋት እኔ ነኝ፤ አንጀቴን በላችው።

ስለዚህ ቴርሞሜትሩን አጠፋሁትና ሌላ ተንኮል አሰብኩ። ምኒልክ አደባባይ አካባቢ ከምድር በታች የመኪና ማቆሚያ ያለው፣ ሊፍት የተገጠመለት አንድ ሕንፃ ነበር። እዚያ አገር በፈረንሳዮቹ ልማድ ከመንገዱ እኩል ያለው ወለል ዜሮ ነው፤ ከሱ ሥር ኔጌቲቭ አንድ፣ ከዚያ ሥር ኔጌቲቭ ሁለት። ያስቸገረን ዘበኛው ብቻ ነው። ዘበኛውም ቢሆን ሰባት ሰዓት ገደማ ጫት ከኢትዮጵያ ሲገባ፣ እንደ ከተማው ሰው ሁሉ፣ ሥራውን ጥሎ ይበራል። እኔና ልጆቹም ያቺኑ ሰዓት ጠብቀን ገባን።

መጀመሪያ ያሳበዳቸው የሊፍቱ ቅዝቃዜ ነው፤ "ቲቸር፣ ሁሌ እዚህ እንማር!" አሉኝ። ወረድን፣ ወጣን፣ ደግሞ ወረድን። "ከኔጌቲቭ ሁለት ተነስተን ሦስት ፎቅ ብንወጣ የት እንደርሳለን? በሩ ሳይከፈት ያልመለሰ በደረጃ ይሄዳል!" አልኩ። ልጅቷ የሚበሩት ቁጥሮች ላይ አፍጥጣ ቆየች። "ቆይ ቆይ! ስንወጣ መጀመሪያ ኔጌቲቭ ሁለት፣ ከዚያ ኔጌቲቭ አንድ፣ ከዚያ ዜሮ። አንዱ እኮ ከላይ ነው። ኔጌቲቭ አንድ ይበልጣል! የምንደርሰውም ፎቅ አንድ ላይ ነው!" ብላ ስታበቃ በሩ ተከፈተ። ዘበኛው ጫቱን በብብቱ ይዞ ፊት ለፊታችን ቆሟል። በሶማሊኛ ጀምሮ በፈረንሳይኛ የጨረሰውን ስድብ እስከ ዛሬ የተረጎመልኝ የለም። እግሬ አውጪኝ ብለን ሮጥን።

በዚያው ሳምንት እናትየዋ ክፍሌ በር ላይ ቆመች። "አስተማሪ፣ አትድከሚ። ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ ሹፌር አግኝቻለሁ፤ ነገ ይዟት ይሄዳል።"

"እስቲ አንዴ ፊትሽ ልጠይቃት" አልኳት። በልቤ ኮርቻለሁ። ልጅቷን ጠርቼ ኔጌቲቭ አምስትን፣ ሦስትን፣ ኔጌቲቭ አስራ ስምንትንና ዜሮን ከትንሽ ወደ ትልቅ እንድትደረድር አዘዝኳት። ኔጌቲቭ አስራ ስምንትን አስቀድማ፣ አንድም ሳትስት ደረደረች።

እናትየዋ ጭኗን መታች። "ይኸው! አስራ ስምንቱን ከሁሉም አሳነሰችው! ፍሪዘር ስትከፍትና ስትዘጋ ያደገች ልጅ! በይ ሂጂ፣ ልብስሽን ሸክፊ።"

አፌን ልከፍት ስል ልጅቷ ቀደመችኝ።

"እማ፣ ባለፈው መብራት ሲሄድ ፍሪዘሩ ውስጥ ያለው ቴርሞሜትር ምን አለ?"

"ምን ይላል! ከአስራ ስምንት አስር ገባ፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ዜሮ። ዓሣዬ አለቀልኝ ብዬ ስንቴ አየሁት።"

"ከዜሮ በኋላስ?"

"አምስት ሆነ፣ አስር ሆነ፣ ወጣ እንጂ።"

"ከአምስት አስር ሲሆን ጨመረ ወይስ ቀነሰ?"

"ጨመረ።"

"መንገዱን አልቀየረም እኮ፣ እማዬ። ከታች ጀምሮ ሲጨምር ነው የመጣው። የቀነሰው ብርዱ ነው።"

እናትየዋ ጣቷን አየር ላይ ከታች ወደ ላይ አንቀሳቀሰች። ከዚያ መጥታ የተማሪ ወንበር ላይ ተቀመጠችና "ድገሚልኝ" አለች። ልጅቷም አጠገቧ ተቀምጣ፣ ቀስ ብላ፣ ደገመችላት። እኔ በገዛ ክፍሌ እንደ እንግዳ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ዝም ማለት ለኔ ምን ያህል ጭንቅ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል።

"እሺ፣ ኔጌቲቭ ሰባት ላይ አስር ቢጨምርስ?" አለች እናትየዋ። ልጅቷ ግን አልመለሰችላትም፤ ጠበቀቻት። እናትየዋ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች በጣቷ ቆጠረችና "ሦስት!" ብላ ጮኸች። ሦስታችንም ሳቅን።

"ታዲያ ለሹፌሩ ምን ልትይው ነው?" አልኳት።

የሻሿን ጫፍ ዓይኗ ላይ አደረገች። "እኔን እኮ በዕድሜዬ ማንም አጠገቤ ተቀምጦ አስረድቶኝ አያውቅም" አለች። "ሹፌሩ ብቻውን ይሂድ።"