ፊት ወደ ግድግዳ

ትናንት ከሰዓት በጎረቤት መስኮት ያቺ ከበሮ ድው ስትል ሰማኋትና ሳላስበው ቀና ብዬ በሩን አየሁ። አንቺም ሰምተሻታል፣ ሽንኩርቱን መክተፍ ትተሽ ቆመሽ ነበር። የጎረቤት ልጅ በስልኩ ሲጫወት ነው። እንግዲህ ቁጭ በይና ልንገርሽ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ አንቺ ጻፊው። የራስሽ የልጅነት ነገር ነው፤ ግማሹን ግን አላየሽውም፣ ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙረሽ ነበር።

ያኔ እዚህ ጎንደር ሳንገባ፣ ካርቱም ጀብራ አንዲት ክፍልና አንዲት ግቢ ነበረችን። እናትሽ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት እየሠራች በሳምንት አንዴ ብቅ ትል ነበርና አንቺን የምንይዝሽ እኔና የመጨረሻ ልጄ፣ አጎትሽ ይርጋ ነበርን። ይርጋ ባሕሪ በሚባለው ሰፈር ብየዳ ቤት ይሠራ ስለነበር፣ አሠሪው የጣለውን አሮጌ ኮምፒውተር እዚህ ባጃጅ በምንለው በራክሻ ጭኖ አምጥቶ፣ ጠጋግኖ፣ ከአንገረቡ አልጋ አጠገብ አስቀመጠው። ውስጡ አንድ የጦርነት ጨዋታ ነበር። እንደ ገበጣ ተራ በተራ ነው፤ አንዱ ሠራዊቱን አንቀሳቅሶ ሲጨርስ ከበሮዋ ድው ትላለች፣ ያኔ ሌላው ይቀመጣል። ኮምፒውተሩ አንድ ስለሆነ ግን ምስጢር እንዳይታይ፣ ተራው ያልሆነው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይጠብቅ ነበር። ዳኛዋ እኔ ነበርኩ።

በሸታ፣ በዚያ በካርቱም ብርድ፣ ሦስታችንም ብርድ ልብስ ተከናንበን፣ ጨዋታው ሳይጀመር ማን ይበረታል እያልን እንከራከር ነበር። ሦስት ወገን ነበሩ፤ ሰዎቹ፣ የጫካዎቹና ሙታኑ። ሰዎቹ ግንብና ፈረስ አላቸው፣ የጫካዎቹ ከሩቅ ይወጋሉ፤ አንቺ ድኩላ ስላላቸው ሁልጊዜ እነሱን ትይዢ ነበር። እኔ በገበጣ ዓይን ነበር የምመዝናቸው። «የሰዎቹ ጠጠር ብዙ ነው፣ ግን ሁሉን አንድ ጉድጓድ ውስጥ አከማችተውታል፤ ከተማቸው ከተበላ አለቀላቸው። ያንቺዎቹ ጫካ ውስጥ አንበሳ፣ ሜዳ ላይ ዶሮ» ስልሽ ታኮርፊኝ ነበር። ይርጋ ደግሞ፣ «ኧረ ይቺ ዳኛ አፏ አያርፍም! ምስጢሬን ሁሉ ለልጅ ልጇ ዘረገፈችው!» እያለ ይስቅ ነበር። ያኔ የሚይዘው ሰዎቹን ነው፣ ግንብ መሥራት ይወድ ነበርና አንዱን ቤት እያሳየኝ «እማዬ፣ ይሄ ያንቺ ነው» ይለኝ ነበር።

ሙቀቱ ሲመጣ ከሻውም አብሮ መጣ። ፖሊስ ወረቀት የሌለውን ሐበሻ ከመንገድ እያፈሰ በመኪና ይጭን ነበር። ይርጋንም ወሰዱት፣ ለቀቁት፣ እንደገና ወሰዱት፤ በሁለተኛው ራሱን ላጭተውት መጣ፣ ምን እንዳደረጉትም ሳይነግረኝ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ሙታኑን ያዘ።

አንድ ቀን ሀቡብ ተነሥቶ አቧራው ሰማዩን ሲያቀላው፣ በርና መስኮት ዘግተን፣ አንቺ ወደ ግድግዳ ዞረሽ እያዜምሽ፣ እሱ ጣቱን ኮምፒውተሩ ላይ አድርጎ፣ «በረሃውን እይው እማዬ» አለኝ። «ሰዎቹ እዚህ ሲገቡ ተራ በዞረ ቁጥር ውሃ እያጡ ይረግፋሉ። እነዚህ ሙታን ግን አይጠማቸውም፣ አይፈሩም፣ ወረቀት የሚጠይቃቸው የለም። ቢወድቁም ይነሣሉ። ከዚህ በላይ ምን ጉልበት አለ?»

«የሚያለቅስላቸው የለማ» አልኩት። «አንዱ ሲወድቅ ዞር ብሎ የሚያየው እንኳ የለም። ይሄ ጉልበት ነው?»

«ዋናው ጉልበታቸው እሱ ነው» አለኝ፣ ሳይስቅ።

ያኔ ነው የሊቢያን መንገድ እየመዘነ መሆኑን ልቤ የነገረኝ። ከብየዳ ቤት ጓደኞቹ የሄዱ ነበሩ። እንዳትሄድ ብዬ በእመቤቴ ስም ለመንኩት። «ኢንሻላህ፣ እማዬ» አለኝ። እኛ ክርስቲያን ነን፤ ካርቱም ውስጥ ግን ሰው እምቢ ማለት ሲያቅተው ኢንሻላህ ይላል።

ኸሪፍ ገብቶ ዝናቡ ግቢውን አጥለቅልቆት ነበር። ፍልሰታ ነው፣ ቅዳሴ ውዬ ጫማዬን በእጄ ይዤ ስመለስ፣ አንቺ ለኮምፒውተሩ ጀርባሽን ሰጥተሽ ግድግዳውን ታያለሽ።

«አጎትሽስ?»

«ተራው ነው። ከበሮዋ ድው አላለችም» አልሽኝ፣ ሳትዞሪ።

ኮምፒውተሩ በርቷል። ሙታኑ በረሃው አፋፍ ላይ ቆመዋል፣ ማንም አላንቀሳቀሳቸውም። አንገረቡ ላይ ልብሱ የለም፣ ከውሃ ጋኑ፣ ከዚሩ አጠገብ የነበረችው ቢጫ ጀሪካንም የለችም። ለካ «ዙሪ፣ እንዳታጭበረብሪ!» ብሎሽ ነው የወጣው። «ዙሪ፣ የኔ እናት» ብልሽ፣ «አጭበረበርሽ ይለኛል» ብለሽ እምቢ አልሽ። እኔ ደግሞ ጀሪካኗን መውሰዱን አይቼ፣ እንደሚጠማውስ ያውቃል፣ ብዬ ተጽናናሁ። ኮምፒውተሩን መብራት እስኪሄድ ድረስ አላጠፋነውም።

ድምፁ አልመጣም። አብሮት የተጫነ አንድ ልጅ ሊቢያ ገባ ተባለና እናትሽ ስልኩን አፈላልጋ ደወለችለት። የይርጋን ስም ሲሰማ ዘጋው፣ ከዚያ ወዲያ አላነሣም።

ያኔ ለሙታኑ የሚያለቅስላቸው የለም ብዬ ስፈርድ ቀሎኝ ነበር። ዛሬ የገዛ ልጄን መርዶው ሳይመጣ ባለቅስለት ማሟረት ይሆንብኛል፣ ዝም ብልም እንደ እነዚያ ሙታን የሚያለቅስለት የሌለው ሊሆንብኝ ነው፤ ስለት ልሳል ወይስ ተዝካር ላውጣ፣ ከየትኛው ወገን እንደምቆጥረው አላውቅም። ያኔ አንቺ ወደ ግድግዳው ዞረሽ እየሳቅሽ ትጠብቂ ነበር፣ እኔ ዳኛዋ የሁለታችሁንም አይ ነበር። አሁን አንቺ ከግድግዳው ዞረሻል፣ አድገሻል፣ ይኸው ትጽፊያለሽ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አድርጌ የቀረሁት እኔ ነኝ። ትናንት ከበሮዋ ድው ስትል በሩን ያየሁት ለዚያ ነው።