ከሽማግሌዎቹ ራስ በላይ የተኛው ውሃ

የምታጠብበት ሻወር ያረፈው በአከራዬ ሳሎን ላይ ነው። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ቀራንዮ ያለውን ቤታቸውን ፎቅ ሲያደርጉት እንደመጣላቸው ነበር ያሠሩት። እኔ ላይ ቤት ስታጠብ ውሃው በፎቁ ወለል፣ በሶሌታው፣ ቀስ ብሎ ይሰርግና እታች ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ካርታ ይሥላል። ካርታው ከወር ወር ይሰፋል። የአከራዬ ልጅ ደረጃው ላይ ባገኘችኝ ቁጥር ዜናውን ታቀብለኛለች።

"ቲቸር፣ ዛሬ ደግሞ ባሕር ተሻግሯል።"

አስተማሪ አይደለሁም። የምሠራው በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ ግን መጽሐፍ አጥፎ ለሚመልስ ሁሉ ፊት ስለምነሳ ሰፈሩ ቲቸር ብሎኝ ቀርቷል።

ካርታው ቀልድ መሆኑ ያበቃው አከራዬ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ደረጃውን ወጥተው በሬን ያንኳኩ ዕለት ነው።

"ለልጅቷ ሽማግሌ ሊላክ ነው፤ እሁድ ጠዋት" አሉኝ።

"እንኳን ደስ አለዎት፣ እትዬ።"

"ቆይ፣ ደስታውን ተይው። ሽማግሌዎቹ የት ነው የሚቆሙት? ካርታሽ ሥር። አንድ ጠብታ ሽማግሌ ራስ ላይ ብታርፍ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ? ቤቱ ራሱ አልፈልግም አላቸው ይባላል። ከዚያ ወዲያ እዚህ ሰፈር ቀና ብዬ አልሄድም።"

"እስከዚያ አልታጠብማ።"

"ባትታጠቢስ? የጠጣውን መትፋቱ ይቀራል?"

በነጋታው ልጅቷ ከዓለም ባንክ ሰፈር አንድ ሴራሚክ ሠራተኛ ይዛ መጣች። ጎልማሳ ነው፤ ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ሰው ሁሉ ዘመዱ ይመስለዋል። የወለሉን ሴራሚክ በመዶሻ እየፈነቀለ ካነሳ በኋላ ከሥሩ ያለውን አየና ሳቀ። እርጥብ አሸዋና ሲሚንቶ ብቻ ነበር።

"ማዘር" አለ ወደ ታች ተጣርቶ፣ "እዚህ እኮ ውሃ የሚያግድ ላስቲክ የሚባል ነገር አልገባም። ሴራሚኩስ ውሃ አያሳልፍም፤ የሚያሳልፈው መጋጠሚያው ነው። ስንት ዓመት ሙሉ በወንፊት ላይ ነው ስትታጠብ የኖረችው።"

የድሮውን ሁሉ ጠርጎ አወጣ። በአዲስ ሲሚንቶ ወለሉን ከየማዕዘኑ ወደ መውረጃው ቀዳዳ ዘቅዘቅ አድርጎ ሠራው፤ ውሃ ልኩን እያጋደመ ሲለካም አጠገቡ ቆሜ አየሁ። ሲደርቅ ላስቲኩ መጣ። ወፍራም፣ ጥቁር፣ እንደ ምንጣፍ የተጠቀለለ ነው። ውስጡ የአገጣጠሙን መመሪያ የያዘ ወረቀት ነበረው። ሠራተኛው ወረቀቱን ጨምድዶ ጣለው፤ እኔ አነሳሁና አቃናሁት። ፊደል የቆጠርኩት በማታ ትምህርት፣ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። ያን ያህል ጠብቄ ያገኘሁትን ነገር ሳላነብ መጣል አልችልም።

ላስቲኩን ወለሉ ላይ ዘርግቶ ጠርዙን በግድግዳው ላይ ስንዝር ያህል ከፍ አደረገ። ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ ትርፉን ሊቆርጥ ምላጭ አወጣ።

"አይቆረጥም" አልኩ። "ይታጠፋል ይላል።"

"እናቴ፣ ደብተር የምትለብጂ መሰለሽ እንዴ?"

ይህን ባይናገር ይሻለው ነበር። ደብተር መለበድ የተማርኩት ከእኔ በዕድሜ በብዙ ከሚያንሱ ልጆች ጋር ተቀምጬ ነው፤ በክፍሉ ውስጥ ከእኔ የተሻለ ማዕዘን የሚያጥፍ አልነበረም። ቀሚሴን ሰብስቤ ሻወሩ ውስጥ ተንበረከክሁ። ትርፉን ወደ ውስጥ አስገብቼ እንደ ደብተር ጠርዝ አጠፍኩት፤ በአውራ ጣቴም አሸሁት። እሱ ማስቲሽ ቀባ። መስኮቱ ጠባብ ስለሆነ ሽታው ወዲያው ራሳችን ላይ ወጣ። ሦስተኛው ማዕዘን ላይ ስንደርስ በምን እንደጀመርን ሳናውቀው ሁለታችንም እንስቅ ነበር። ልጅቷ በበሩ ብቅ ብላ "ምንድነው ነገሩ? እዚህም ሽማግሌ ሊላክ ነው?" ስትል ጭራሽ ባሰብን።

ችግሩ የመጣው በፈተናው ነው። ወረቀቱ ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት መውረጃው ተደፍኖ፣ ላስቲኩ ላይ ውሃ ተሞልቶ፣ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት እንዲቆይ ያዛል። ካልጎደለ አያፈስም ማለት ነው።

"ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ውሃ መሬት ላይ ልናስተኛ?" አለ ሠራተኛው።

"ይተኛል" አልኩ።

ከግቢው ታንከር በባልዲ አመላለስኩ። መውረጃውን በፌስታል በተጠቀለለ ጨርቅ ደፈንኩት። ውሃው የደረሰበት ላይ ላስቲኩን በነጭ ጠመኔ አሰመርኩና ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ሄድኩ። ሥራ ላይ ምን እንደሠራሁ አላስታውስም። እኩለ ቀን ላይ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ ሻወሩ ውስጥ ገባሁ። ውሃው ከመስመሩ አራት ጣት ወርዷል።

ሠራተኛውን በስልክ ጠራሁት። ሦስታችን፣ እሱ፣ እኔና ልጅቷ፣ ሳሎን ገብተን ኮርኒሱን ሽቅብ አየን። ልጅቷ ወንበር ላይ ወጥታ ካርታውን በመዳፏ ዳበሰችው።

"ደረቅ ነው" አለች።

"ታዲያ ውሃው የት ሄደ?"

ሠራተኛው አገጩን አሸ። "ሶሌታው ጠጥቶት ነዋ። ዛሬ ይጠጣል፣ ነገ ይተፋል።"

አከራዬ ነገ የሚለውን ሲሰሙ ሶፋው ላይ ተቀመጡ። "በቃ፣ ታሟል ብላችሁ ላኩ" አሉ። ማን እንደታመመ አልነገሩንም። ሠራተኛው ማዕዘኖቹን ሊከፍት ምላጩን ይዞ ወደ ደረጃው ሲሄድ እኔ ተከትዬው ነበር፤ አራቱንም ማዕዘን ያጠፈው የእኔ እጅ ነውና ፊቴ ይነዳል።

"ለመሆኑ ስንት ጎደለ?" አሉ አከራዬ ከኋላችን።

"አራት ጣት።"

"አራት ጣት በባልዲ ስንት ይሆናል?"

ሠራተኛው ቆሞ አሰበ። "ሦስት ባልዲ አይሞላም?"

አከራዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። "እንግዲያው እኔ ነኛ።"

ሦስታችንም ዞረን አየናቸው።

"ምን ታዩኛላችሁ? ታንከሩ ተሟጧል፣ ነገ እንግዳ አለብኝ። ላይ ስወጣ ቲቸር ሻወሩን ሙሉ ውሃ አጠራቅማለች። ብልህ ናት አልኩና ቀዳሁ። ሳሎኑን ወለወልኩበት።"

ልጅቷ ወንበሩ ላይ እንደቆመች መሳቅ ጀመረች፤ ወድቃ እንዳትሰበር ሠራተኛው ሮጦ ወገቧን ያዛት። ስንት ዓመት ሙሉ ወደ ሳሎን እንዳይገባ የተፈራው ውሃ በቤቱ እመቤት እጅ፣ በባልዲ፣ በደረጃ ወርዶ ገብቷል። እኔ ዝምተኛ ሰው ነኝ፤ የዚያን ቀን ግን ደረጃው ላይ ተቀምጬ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅኩ።

የጎደለውን ከጎረቤት በጀሪካን ለምነን ሞላንና ፈተናውን እንደገና ጀመርነው። በሩ ላይም "ይህ ውሃ በፈተና ላይ ነው፤ አይቀዳም" ብዬ ለጠፍኩ። ልጅቷ ከሥሩ "መኮረጅም ክልክል ነው" ብላ ጨመረችበት።

ሽማግሌዎቹ እሁድ ከተጠበቁበት ሰዓት ቀድመው ደረሱ። ውሃው ገና ላይ እንደተኛ ነው። ልልቀቀው ብል መውረጃው በሳሎኑ ግድግዳ ውስጥ ስለሚያልፍ እንደ ጎርፍ ይጮኻል። ስለዚህ ትቼው ከልጅቷ ጋር ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ቆምኩ።

ሽማግሌዎቹ ገቡ። አከራዬ ወንበሮቹን በሙሉ ወደ ግድግዳው አስጠግተዋቸዋል፤ ከካርታው እንዲርቁ።

"ተቀመጡ እንጂ" አሉ።

"የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ ትልቁ ሽማግሌ፣ እንደ ወጉ። ሁሉም እንደ ወጉ መሃል ሳሎን ቆሙ። በትክክል ካርታው ሥር።

ትልቁ ሽማግሌ ንግግራቸውን ከሩቅ ነው የጀመሩት፤ ከዘር ከወገን። የአከራዬ ዓይን አንዴ ወደ ኮርኒሱ ይወጣል፣ አንዴ ወደ ሽማግሌው መላጣ ይወርዳል። አንዱ ሽማግሌ ዓይናቸውን ተከትለው ቀና አሉ።

"ዝናብ ያስገባል እንዴ?"

"የለም፣ የለም፣ የድሮ ነው" አሉ አከራዬ።

ወጉ የታወቀ ነው። የልጅቷ ወገን ጥያቄውን ይሰማል፣ ዘመድ አማክረን እንመለስበታለን ይላል፣ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ሽማግሌ ይመላለሳል። የአከራዬ ወንድም ይህን ሊናገር ለዚሁ ሲል ሙሉ ልብስ ለብሶ መጥቷል። ሽማግሌው "እናም ልጃችሁን ለልጃችን" እንዳሉ ጉሮሮውን ጠረገ። እህቱ ግን ቀደሙት።

"እሺ ብለናል። ሰጥተናል። አሁን ተቀመጡ።"

ወንድምየው አፉን እንደከፈተ ቀረ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ ገና ያልተናገሩት ግማሽ ንግግር ነበራቸው። ከዚያ አንድ በአንድ ሄደው ግድግዳው ሥር ተቀመጡ።

ከመጋረጃው ጀርባ ልጅቷ ክንዴን ጨምድዳ ያዘች። "እኔ እኮ ሦስት ወር ያመላልሱታል ብዬ ፈርቼ ነበር" አለችኝ በሹክሹክታ፣ ትከሻዋ በሳቅ እየተንቀጠቀጠ።

እኩለ ቀን አልፎ ምሳ ሲቀርብ የፈተናው ሰዓትም ሞልቶ ነበር፤ ሹልክ ብዬ ወደ ላይ ወጣሁ። ውሃው ጠመኔው ላይ ነው፤ ከመስመሩ ፀጉር ታህል አልወረደም። ጎንበስ ብዬ አራቱንም ማዕዘን በዓይኔ ዞርኩ፣ ከዚያ እጄን ነክሬ ጨርቁን ሳብኩት። ውሃው አንዴ ዞረና እያጓራ በግድግዳው ውስጥ ወደ ታች ሄደ።

እታች ወሬው ሁሉ ቆመ። አንድ ሽማግሌ "ምንድነው እሱ?" ሲሉ ሰማሁ። ቀጥሎ የአከራዬ ሳቅ መጣ፤ ከፍ እያለ፣ ሌሎቹን እያስከተለ፣ ምን እንደሚያስቃቸው የማያውቁት ሽማግሌዎች ጭምር እስኪስቁ ድረስ።