የረቡዕ ፓስታ በእሸት ባቄላ

መስከረም ላይ ደባርቅ ገበያ ስወርድ እጄ አያርፍም። ክረምቱን ሙሉ ጭጋግ ያፈነው ጓሮ ሁሉ ያለውን የሚያወጣው ያኔ ነው። ካሮቱ ጭቃው ሳይራገፍ ይመጣል፤ ቃሪያው ገና ሲቀነጠስ ይሸታል፤ ከቆላ የወጣው ቲማቲም ደግሞ ግዙኝ ግዙኝ ይላል። ያን ረቡዕም ዘንቢሌን ሞልቼ ስገባ አማቴ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው ጥቅላቸውን ሲያስሩ አገኘኋቸው።

«ምነው እማማ?»

«ነገ በማለዳው መኪና ልሄድ ነው ልጄ።»

ድንግጥ አልኩ። ከበየዳ የመጡት ለዓይናቸው ነው። ሐኪሙ ጠብታ ሰጥቶ ዓርብ ተመልሰው እንዲታዩ አዟል። አሁን ከሄዱ ያን ሁሉ መንገድ ዳግም አይመጡትም፤ ዓይናቸውም እንደፈዘዘ መቅረቱ ነው። ለምን ብላቸው «እንዲያው... ላሚቱም...» ይላሉ። ላሚቱን ጎረቤት እያለበላቸው መሆኑን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

እስቲ ጥሩ ምሳ ሠርቼ ላባብላቸው አልኩ። ዳሩ እንጀራ አልቋል፤ ሊጡም በዚያ ብርድ ኩፍ አልል ብሎኛል። እንግዲህ ፓስታ ነዋ! ቶሎ ይደርሳል፣ ለጾምም ይሆናል። ፓስታውን ለሁለት ቀጭ ሳደርገው ከደጅ ድምፅ መጣ።

«ጭራሮ ነው የምትሰብሪው?»

«ፓስታ ነው እማማ!»

«እ! ያ እየተንሸራተተ አገጭ የሚያስጠርገው?»

ሽንኩርቱን ሳቁላላ ገብተው አጠገቤ ቆሙና ካሮቱን ልክተፍ አሉ። እንደ ልማዴ «ኧረ እርስዎ ይረፉ» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ፊታቸውን ሳይ ዘጋሁት። ከመጡ ጀምሮ አንድ ነገር አላስነካኋቸውም። ያከበርኳቸው መስሎኝ ለካ እንደ እንግዳ በር ላይ አስቀምጫቸው ኖሯል።

«ይልቅ እሸቱን ይፈልፍሉልኝ» አልኳቸው።

ራሳቸው ያመጡት እሸት ባቄላ ነው። ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ ሳያዩ፣ በጣታቸው ብቻ ሲፈለፍሉት እኔ ካሮቱን ሳልጨርስ ሳህኑ ሞላ። ወሬውም አብሮ ተፈለፈለ፤ የሰፈራቸውን ሰው ሁሉ በየተራ አነሱልኝ።

ቲማቲሙ ሲፈርስ ካሮቱንና እሸቱን ጨመርኩ፤ መጨረሻ ላይ ቃሪያና በሶብላ። መቅመስ የለም፤ ሁለታችንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመኞች ነን። በጾም ቀን እኛ ቤት ጨው የሚለካው በአፍንጫ ነው። ጨው አድርጌ እንፋሎቱን አሸተትኩና ልክ ነው ብዬ ፓስታውን ላጥልል ደጅ ወጣሁ።

ዘጠኝ ሲሆን ባለቤቴ ገባ፤ ከበን ተቀመጥን። እሱ ቀድሞ ጎረሰና ቀጥ አለ። አያኝክም፣ አይውጥም።

«ምን ሆንክ?» አልኩት።

እንደምንም ዋጠው። «አሞሌውን እንዳለ ነው የቀቀላችሁት?»

«እኔ ልክ ነው ያደረግኩት!»

አማቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «አንቺ ስትወጪ እኔም አሸተትኩት» አሉ። «አልጫ አልጫ ሲለኝ ጊዜ...»

«ስንት ጨመሩበት እማማ?»

«እፍኝ እንኳ አይሞላም!»

«እማዬ፣ ያንቺን እፍኝ እኮ አውቀዋለሁ» አለ ልጃቸው ውኃ እየቀዳ።

መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው። ከዚያ እኔ፤ እንባዬ እስኪወርድ። ወዲያው ብድግ አሉና ቤቱን ያዙት። «አንቺ ሌላ ፓስታ ቀቅዪ፣ ጨው እንዳይነካው! አንተ ቲማቲሙን ክተፍ! እሸቱን ለኔ ተዉት።» አንዱን ብረት ድስት ለማዳን ሁለት ሞላን። በዝቶብን ጎረቤት ጠራን፤ ጎረቤትም ጎረቤት ጠራች። አማቴ አገጫቸውን እየጠረጉ ሁለቴ አስጨመሩ።

ዕቃውን እያጠብን ሳለ ጥቅላቸው አሁንም በሩ ሥር እንደታሰረ አየሁት። ልጠይቅ ፈራሁ። እሳቸው ግን ሳህኑን እያደረቁ፣

«ዓርብም ጾም ነው አይደል?» አሉ።

«አዎ እማማ።»

«እንግዲያው ከሐኪሙ ስንመለስ ይኸንኑ እንሥራ። ጨዉን እኔ አደርጋለሁ። አንቺ አታሽትቺ።»

እጄን ሳላደርቅ ሄጄ ጥቅሉን ፈታሁት።